የሹመት ሥጋት የማን ነው?

ፋሽስት ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ከአገራችን ተነቅሎ ሲወጣ ጥሎት ከሄደው ሁሉ ለአዲሱ አስተዳደር እጅግ አስቸጋሪ የነበረው መንገዱና ሕንፃው ሳይሆን ሰዉ ነበር። ለአምስት ዓመት የቅኝ ገዥውን ደንብ ልብስ ለብሶ የጠበቀ፣ ያሰረ፣ ያስተረጎመ ሰው። ሥራውን ያውቃል፤ ትእዛዝ መቀበልም ተምሯል። ይህን ሰው የፀጥታ ሹም ማድረግ ይገባልን?

ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው ከሿሚው ወንበር በኩል ነው። ሿሚው «ይከዳኝ ይሆን?» ብሎ ይሠጋል። ይህን ሥጋት ቅኝ ገዥው ራሱ ቀምሶታል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩት ሁለት ወጣቶች አንዱ፣ አብርሃ ደቦጭ፣ በጣልያን የፖለቲካ ቢሮ ተቀጥሮ ያገለግል ነበር። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትም ጎጃምን ጸጥ እንዲያደርጉ ጣልያን በመጨረሻው ሰዓት ቢልካቸው፣ ወራሪው ደብረ ማርቆስን ለቆ ሲወጣ ለንጉሠ ነገሥቱ ገቡ።

ከተሿሚው በታች የሚኖረው ሰው ሥጋት ግን ሌላ ነው። የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ የላስታንና የዋግን ሰው አስነሥተው ፋሽስቱን ከተዋጉ በኋላ በ1930 ዓ.ም. መግቢያ ተገደሉ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ለሕዝብ መቀጣጫ ታየ። እንግዲህ ይህን ያየ አንድ ገበሬ በነፃነት ማግሥት ወደ ኩልመስክ ገበያ ወረደ እንበል። ትናንት በባንዳነት የሚያውቀውን ሰው ሌላ ቆብ ደፍቶ ኬላ ላይ ቆሞ ቢያገኘው፣ «ለመንግሥት ታማኝ ነው» መባሉ ለገበሬው ምን ይፈይድለታል?

ይሁንና በጅምላ መፍረድም አያዋጣም። የውስጥ አርበኞች የጣልያንን ደመወዝ እየበሉ ጥይትና ወሬ ለአርበኛው ያሻግሩ ነበር። ቆቡ አንድ ነው። መዝገብም እምብዛም አይረዳም፤ የተዋጣለት የውስጥ አርበኛ በመዝገብ ላይ ሲታይ ፍጹም ባንዳ ነውና።

«እንግዲያው የማንም ወገን ያልሆነ የውጭ ሰው ይሾም» የሚልም አይጠፋም። ይህም ተሞክሯል። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው ውል የፖሊስ ኮሚሽነር፣ መኮንኖችና ኢንስፔክተሮች ከእንግሊዝ ዜጎች የሚገኙበትን በር ከፈተ። እንግዳው በላስታ ዘመድ የለው፣ ቂም የለው፤ ይህን መናቅ አይገባም። ነገር ግን ብዛታቸውና ሥልጣናቸው በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት የሚወሰን ስለ ነበረ፣ ገበሬው በኮሚሽነሩ ላይ አቤት ቢል አቤቱታው ባሕር መሻገር ሊኖርበት ነው። ውሉ በታኅሣሥ 1937 ዓ.ም. በሌላ ውል ተተካ።

በእኔ አስተያየት፣ ታማኝነቱን ሿሚው ከመመዘኑ አስቀድሞ፣ ሰውየው ትናንት በደንብ ልብሱ ያደረገውን ያየ ጎረቤት ሊጠየቅ ይገባ ነበር። አገሬው ሌባ ሲጠፋበት ተሰብስቦ የሚመረምርበት አውጫጭኝ ነበረው፤ ለሹመት ጊዜ ግን ማንም አላሰበውም። እርግጥ ነው፣ አውጫጭኝም ንጹሕ አልነበረም። የርስት ክርክር ያለበት ጎረቤት ባለጋራውን ባንዳ ሊለው ይችላል፤ ባላባቱ እያየውም ደሀው እውነቱን ይውጣል። እንዲህም ሆኖ፣ ሹሙ ነገ በሌሊት በሩን የሚያንኳኳበት ሰው ዛሬ በቀን ሳይጠየቅ የሚቀርበት ምክንያት አይታየኝም።