በማን ገላ ላይ ተማረ?

ከድሬዳዋ ብዙም በማትርቀው ሐርላ ማሳ ሲታረስ ዶቃና የሸክላ ስባሪ ይወጣል። የመንደሩ ሰዎች የፍርስራሹን ትላልቅ ድንጋዮች እያዩ «ይህን የሠሩት ግዙፋን ናቸው» ሲሉ ኖረዋል። በአርኪዮሎጂስቱ ቲሞቲ ኢንሶል የሚመራው የቁፋሮ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ያደረገው ግኝት ግን ሌላ ነገር ነገረን። የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ፣ ከየመንና ከቻይና የመጣ ዕቃ፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ሳንቲም ተገኘ። ከመቃብሩ የወጣው አጽም ደግሞ የተራ ሰው አጽም ነበር። ሰዎቹ በሕይወት ሳሉ ምን ይበሉ እንደነበር እንኳ ከአጥንታቸው ለማንበብ ተሞከረ።

እነዚያ ሙታን «መርምሩን» አላሉም። የሚጠይቃቸውም አልነበረም። ቢሆንም አስተማሩ።

በሐኪም ቤትም እንዲሁ ነው። የሕክምና ተማሪ የመጀመሪያ መምህሩ በአናቶሚ ክፍል የተጋደመ አስከሬን ነው፤ በአገራችን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወገን መጥቶ ያልወሰደው ሰው አስከሬን። ከዚያ ወዲያ ያሉት መምህራኑ በሕይወት ያሉ፣ የሚያማቸው፣ የሚፈሩ ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው ስፌት፣ የመጀመሪያው የጀርባ ፈሳሽ መቅዳት፣ የመጀመሪያው ምጥ ሁሉም በአንድ ሰው ገላ ላይ ይሆናል። ተማሪው ኢንተርን ሆኖ፣ ተመርቆ፣ ጥቂት ዓመት በጠቅላላ ሐኪምነት አገልግሎና ተፈትኖ ሬዚደንት፣ ማለትም የስፔሻሊስትነት ሠልጣኝ፣ ሲሆንም ነገሩ አያበቃም። አር ዋን የሚባለው የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት ሌሊቱን በዲዩቲ ያሳልፋል፣ ሲነጋ ራውንድ ይገባል፣ ያላየውን በሽታ ያያል፣ ያልያዘውን መሣሪያ ይይዛል።

ዓረቦች በየቲም (በሙት ልጅ) ራስ ላይ ዋግምት መማር የሚል ብሂል አላቸው። ጀማሪው የሚከላከልለት በሌለው ልጅ ራስ ላይ እጁን ያፍታታል ማለት ነው። ብሂሉ የሚያነሣው ጥያቄ ዛሬም በየሆስፒታሉ አለ፤ ጀማሪ ሐኪም በሰው ገላ ላይ የመማር መብት ከየት አገኘ?

አይማር ማለት አይቻልም። ዛሬ አዲስ እጅ ቢላ እንዳይነካ የከለከለች አገር ከሃያ ዓመት በኋላ ቀዶ ሐኪም አይኖራትም። ኢትዮጵያም ለረጅም ጊዜ ሐኪሞቿን ያገኘችው በሌላ አገር ሕዝብ ገላ ላይ ተምረው ነው። ከመቅደላ በሕፃንነቱ ተወስዶ በኋላ የጨርጨር ገዥ የሆነው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በላሆር ነበር የተማረው። ልጅነታቸውን በድሬዳዋ ያሳለፉት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስም በኤድንብራ ነው ሕክምናንም ቀዶ ጥገናንም ያጠኑት። ተመልሰው በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ከመሥራቾቹ አንዱና ዲን ሆኑ። ፋኩልቲው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲከፈት የኢትዮጵያ ልጅ በኢትዮጵያዊ ታማሚ አጠገብ ቆሞ ሐኪም መሆን ጀመረ። ትልቅ ነገር ነው። ሸክሙ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኛው ድሆች ላይ ዐረፈ።

ይህን የምለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ገንዘብ ያለው ሰው የግል ክሊኒክ ሄዶ በስፔሻሊስት ይታያል፤ የሌለው መንግሥት ሆስፒታል ተሰልፎ፣ በሌሊት ከደረሰ ደግሞ አር ዋኑን ያገኛል። ይሁንና ያ ስፔሻሊስት ራሱ እጁን ያፍታታው በዚያው ሰልፍ በነበሩ ሰዎች ላይ ነው። በግል ክሊኒክ ተኝቶ በሰላም የሚነሣ ባለጸጋ፣ ሳያውቀው፣ በማያውቃት አንዲት የገጠር እናት ሕመም ድኗል። ዕዳው የሐኪሙ ብቻ አይደለም፤ የዳንነው ሁሉ ዕዳ ነው።

የቀደሙት ይህን በታማሚ ላይ መማር በሥርዓት ሊይዙት ሞክረዋል። የጥንቱ ሐኪም የአል ራዚ ታማሚ መጀመሪያ የሚታየው በውጭው ክብ በተቀመጡ ተማሪዎች ነበር ይባላል፤ እነሱ ካልቻሉ ወደ ውስጠኛው ክብ ያልፋል፣ እዚያ ያሉትም ካቃታቸው ሊቁ ራሱ ያየዋል። ሐርላ ከግብፅ ጋር ትነግድ በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1284፣ ካይሮ ላይ ሱልጣን ቀላውን ሐኪሞች የሚማሩበት ታላቅ ሆስፒታል አሠራ። እ.ኤ.አ. በ1889 የተከፈተው የአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ደግሞ ሠልጣኞቹን ሆስፒታሉ ውስጥ አኖራቸው፤ «ሬዚደንት» ማለት ነዋሪ ማለት ነው። ሁሉም አንድ ነገር ገብቷቸዋል፤ ጀማሪ ብቻውን አይተው። የመጀመሪያው ግዴታ ይህ ነው። ሲኒየሩ ቤቱ ተኝቶ አር ዋኑ ብቻውን የሚንቀጠቀጥበት ሌሊት ትምህርት ሊባል አይችልም፤ ታማሚውንም ጀማሪውንም መበደል ነው።

ሁለተኛው ግዴታ መንገር ነው። በድሬዳዋ ይህ ቀላል አይደለም። በአንድ ክፍል ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ ይሰማል፤ ከሐርላ የመጣች እናት የሐኪሙን ቋንቋ ላታውቅ ትችላለች። አስታማሚ ካላስተረጎመ «እሺ» የምትለው ምኑን እንደሆነ ሳይገባት ነው። «እናቴ፣ እኔ ገና የምማር ሐኪም ነኝ፤ መምህሬ ከጎኔ አለ፤ ይፈቅዱልኛል?» ለማለት ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም። «አይሆንም» ካለችም መብቷ ነው፤ ሕክምናዋ አይጓደልም።

ሦስተኛው ምስጋና ነው፤ ይህ ጨርሶ የተረሳ ይመስለኛል። የሂፖክራተስ መሐላ ሐኪሙ መምህሩን እንደ ወላጁ እንዲቆጥር ያዛል። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው የሐኪሞች የጄኔቫ ቃል ኪዳንም ለመምህራን ክብርና ምስጋና ይላል፤ በ2017 ሲታደስ የሥራ ባልደረቦችና ተማሪዎች ተጨመሩ። ታማሚው እንዲጠበቅ፣ እንዲከበር፣ ምስጢሩ እንዲሸፈን ተደንግጓል። ያስተማረ ሰው ሆኖ ግን አልተመሰገነም። ታማሚ እንደሚያስተምር ድሬዳዋ ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋ በዴንጊ ትኩሳት ስትመታ በሽታው በኢትዮጵያ ሲረጋገጥ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በኋላ ትኩሳት ያለበትን ሁሉ ወባ ነው ብሎ ማለፍ ስሕተት መሆኑን ሐኪሙ ያወቀው በደማቸው መስክረው ካስተማሩት ሰዎች ነው።

የምረቃ መሐላ የምታዘጋጁ መምህራን ሆይ፣ መምህራኔን አከብራለሁ ከሚለው ቀጥሎ አንዲት መስመር ጨምሩ፤ ሕመማቸውን ላስነበቡኝ ሰዎች ባለዕዳ ነኝ የምትል። ወላጆች በተቀመጡበት አዳራሽ፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ ትነበብ።