ምክንያትና በደል

ሰው በሌላ ሰው ላይ የደረሰውን ችግር ባየ ጊዜ ከሁለት ጥያቄዎች አንዱን ይጠይቃል። አንደኛው «ይህ ከምን መጣ?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ይህ በማን ጥፋት መጣ?» የሚል ነው። የመጀመሪያው ምክንያትን ይፈልጋል፤ ሁለተኛው በደለኛን ይፈልጋል። ብዙ ሰው ግን የፊተኛውን የጠየቀ እየመሰለው የኋለኛውን ይጠይቃል። ደቀ መዛሙርት እንኳ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ ጌታቸውን የጠየቁት ስለ ዐይን ሳይሆን ስለ ኀጢአት ነበር፤ እርሱ ግን በሰውየውም በወላጆቹም ላይ አልፈረደም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህን ልዩነት መስማት ተስኖት በተወለደ ሕፃን ላይ እንመርምረው። አባቱም እናቱም ይሰማሉ፤ ልጁ ግን ነጐድጓድ ቢያጓራ ዘወር አይልም። ያን ጊዜ ጎረቤት ወሬ ይጀምራል። አንዱ እርግማን ነው ይላል፤ ሌላው የእናቲቱን ዘር ይቈጥራል። (የአባትየው ዘር ሲቈጠር እምብዛም አይሰማም።) ወላጆቹም አፍረው ልጁን ከእንግዳ ፊት ይሸሽጉታል። ቋንቋችንም ቢሆን በዚህ ነገር ንጹሕ አይደለም፤ «ደንቆሮ» የሚለው ቃል የማይሰማውንም የማያውቀውንም ባንድነት የሚጠራ ነውና፥ ልጁ ገና ፊደል ሳይቈጥር ያለማወቅ ፍርድ ተፈርዶበታል።

ምክንያቱ ግን ዛሬ ታውቋል። መስማት አለመቻል አንዳንድ ጊዜ ከማጅራት ገትርና እንደዚህ ካለው ሕመም ይመጣል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በውርስ ይመጣል። አካላችን የሚሠራበት ትእዛዝ በየሕዋሳችን ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ የትእዛዙም አንዱ ክፍል ጂን ይባላል። ከጥቂቶቹ በቀር ጂኖቻችን ሁለት ሁለት ቅጂ አላቸው፤ አንዱ ከአባት፥ አንዱ ከእናት። ቁም ጸሐፊ ብራና ሲገለብጥ አንዲት ፊደል ቢገድፍ፥ ከዚያ ብራና የሚገለብጡት ሁሉ ግድፈቱን ይዘው ይሄዳሉ። በጂን ላይ የገባ ግድፈትም እንዲሁ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል። ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ ቅጂዎች አንዱ ደኅና ከሆነ ሰውየው ይሰማል፤ ግድፈቱን መያዙንም ሳያውቅ ኖሮ ይሞታል። ነገር ግን ያንኑ ጂን ገድፈው የያዙ ሁለት ሰዎች ቢጋቡ፥ ከሚወልዷቸው ልጆች እያንዳንዱ ሁለቱንም የተገደፉ ቅጂዎች የመውረስ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። የሚሰሙ ወላጆች የማይሰማ ልጅ የሚወልዱት በዚህ መንገድ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1997 ጂጄቢ2 የሚባለው ጂን ሲበላሽ የመስማት ኀይል እንደሚጠፋ ታወቀ። ይህ ጂን በውስጠኛው ጆሮ፥ ቀንድ አውጣ በሚመስለው ክፍል ውስጥ፥ ጨው ከሕዋስ ወደ ሕዋስ የሚያልፍበትን በር ያሠራል። በሩ ካልተሠራ ድምፅ ወደ አእምሮ የሚደርስ መልእክት ሊሆን አይችልም። በአውሮፓውያን ዘንድ በብዛት የተገኘው የዚህ ጂን ጉድለት በእውነት አንዲት ፊደል መጉደል ነው፤ እርሷ ከጎደለች በኋላ የሚከተለው ንባብ ሁሉ ይፋለሳል። እንዲህ ያሉት ጂኖች ከ100 ይበልጣሉ። ስለዚህ ሁለት መስማት የተሳናቸው ሰዎች ቢጋቡና ግድፈታቸው በተለያየ ጂን ላይ ቢሆን፥ ልጆቻቸው ሁሉ ሊሰሙ ይችላሉ።

አባቶቻችን ሰባት ቤት ቈጥረው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ መከልከላቸው በዚህ በኩል የሚጠቅም ልማድ ነው፤ ዘመዳሞች አንዱን ግድፈት ከአንድ ቅድመ አያት ሊወርሱ ይችላሉና። ሆኖም ዘር ቈጥረው የተጋቡትም ሰዎች የማይሰማ ልጅ ሊወልዱ ይችላሉ። ታዲያ ማን ይከሰስ? ምናልባት ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የገባ፥ ማንም ያልመረጠው፥ ማንም ያላየው ግድፈት ነው። ምክንያት አለ፤ በደለኛ ግን የለም።

ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ መልካም ነበር። ስልክን የፈለሰፈው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በ1883 ለአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚ ባቀረበው ጽሑፍ፥ መስማት የተሳናቸው ሰዎች እርስ በርሳቸው መጋባታቸው የማይሰማ የሰው ዘር እንዳያስገኝ ሠጋ። ጋብቻውን በሕግ መከልከልን ባይመርጥም፥ ለብቻቸው ተሰብስበው የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች እንዲቀሩ፥ መምህሮቻቸውም መስማት የተሳናቸው ሰዎች እንዳይሆኑ መከረ። ቤል ክፉ ሰው አልነበረም። እናቱ በደንብ አትሰማም ነበር፤ ሚስቱም በልጅነቷ ታማ መስማት ያቆመች ነበረች። ከሃምሳ ዓመት በኋላ፥ በ1933፥ የጀርመን ናዚ መንግሥት በውርስ የመጣ የመስማት ጉድለት ያለባቸውን ሰዎች በግድ የሚያመክን ሕግ አወጣ፤ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችም በቢላዋ ሥር አለፉ። ከጠቋሚዎቹ መካከል የገዛ መምህሮቻቸው ይገኙባቸው ነበር። ዕድሜውን በመምህርነት ለፈጸመ ሰው ይህን መጻፍ ይከብደዋል።

ልብ በል፤ የቀድሞው ሰው በደለኛን በኀጢአት ውስጥ ፈለገ፤ አዲሱ ሰው በደም ውስጥ ፈለገ። ሁለተኛው ጥያቄ የመጀመሪያውን ልብስ ለብሶ ተመለሰ ማለት ነው። ዕውቀት አንድ ነገር ከየት እንደ መጣ ይነግረናል እንጂ ማን መኖር እንደሌለበት አይነግረንም፤ ነገረኝ የሚል ሰው ከራሱ የጨመረው ነገር አለ።

ፈውስን የምቃወም አይደለሁም። በ2024 በታተመ ጥናት፥ በቻይና አገር ኦቶፈርሊን የተባለው ጂን የተበላሸባቸው ስድስት ልጆች ደኅናው ቅጂ በጆሯቸው ገብቶላቸው አምስቱ መስማት መጀመራቸው ተገልጿል። ደስ ይበለን። ነገር ግን ይህ ሕክምና ለአንዱ ጂን ነው፤ ሕፃን ደግሞ ቋንቋ የሚለምድበት ዘመን አጭር ነው፤ ሐኪሞችን እየጠበቀ ያለ ቋንቋ ማደግ የለበትም። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ አለ፤ ፊደላችንም ከግእዝ እስከ ሳብዕ ድረስ በጣት ይጻፋል። ይህን ለመማር ጆሮ ያለው ወላጅም ሁለት እጅ ይበቃዋል።

ሸክሙ ከጆሮ ይሁን ከጎረቤት ለመለየት የሚፈልግ ሰው በአሜሪካ፥ በማሳቹሴትስ ጠረፍ ያለችውን ማርታስ ቪንያርድ የምትባለውን ደሴት ታሪክ ይመልከት። በ17ኛው መቶ ዓመት ከእንግሊዝ አገር ከኬንት የመጡ ሰዎች ግድፈቱን ይዘው ሰፈሩባት፤ እርስ በርሳቸውም ተጋቡ። በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ ከ5,700 ያህል ሰው አንዱ የማይሰማ ሆኖ ሲወለድ፥ በደሴቲቱ ከ155 አንዱ፥ ቺልማርክ በምትባለው መንደር ግን ከ25 አንዱ ነበር። ቤል ራሱ ሊመረምራቸው ሄዶ ነበር። የመንደሩ ሰው፥ የሚሰማውም የማይሰማውም፥ በእጅ መነጋገርን ከልጅነቱ ያውቃል፤ ዓሣ አጥማጆች ከጀልባ ወደ ጀልባ፥ ሸማቾችም በሱቅ ውስጥ በእጅ ይነጋገሩ ነበር። መስማት የተሳናቸውም እንደ ሌላው ያገባሉ፥ ይነግዳሉ፥ በመንደሩ ሹመትም ይሾማሉ። ከጊዜ በኋላ ወጣቶቹ ከደሴቲቱ ውጭ እያገቡ፥ እንግዶችም እየገቡ ቍጥራቸው አነሰ፤ የመጨረሻይቱም በ1952 ሞተች።

ኖራ ኤለን ግሮስ የምትባል ተመራማሪ ሽማግሌዎቹን ጠይቃ በ1985 መጽሐፍ አሳተመች። አንዲት አሮጊት ስለ ሁለት የጥንት ሰዎች ብትጠየቅ ጎበዝ ዓሣ አጥማጆች እንደ ነበሩ ተናገረች። መስማት የተሳናቸው አልነበሩምን ተብላ እንደ ገና ስትጠየቅ ጥቂት አሰበችና፥ ለካ ሁለቱም የማይሰሙ ነበሩ አለች።