አይቶ ማለፍ

ለመሆኑ ሰው የሌላውን ሰው ጸሎት «ለመጎብኘት» መብት አለውን? ጥያቄው የተነሣብን ላሊበላ ላይ ነው።

መንገዱን ሙሉ በቱሪስት ስንቀልድ ነበር። «ፈረንጅ ካሜራውን እንጂ ዓይኑን ይዞ አይመጣም» እያልን ስቀናል። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች መካከል ናቸው፤ እኛ ግን «ለሌላው ቅርስ ይሁኑ፣ ለኛ ቤታችን ናቸው» ብለን ገባን።

በቤተ ጊዮርጊስ ዙሪያ፣ ከተፈለፈለው ዓለት ግድግዳ ውስጥ፣ በትንሽ ዋሻ የሰው አጽም ይታያል፤ የደረቀ እግር ከነጣቱ። አንድ የውጭ አገር ሽማግሌ ባርኔጣውን አውልቆ ዝም ብሎ ቆሟል። እኛስ? ተጋፋን። «በል አንሣኝ፣ ቶሎ በል!» ተባባልን። ከአጽሙ አጠገብ ጥርሳችንን አሳይተን ፎቶግራፍ ተነሣን። ግድግዳውን ተጠግተው የሚጸልዩ አንዲት እማሆይ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉና፣ «ልጆቼ፣ መጀመሪያ እንደምን አደሩ አይባልም?» አሉን። መልስ አጣን።

እንግዲህ ቱሪስት ማን ነው? ቱሪስትነት የቆዳ ቀለም ወይም የፓስፖርት ጉዳይ አለመሆኑ ያኔ ገባን። ሰላምታ ሳይሰጥ የሚያይ፣ አይቶም የሚያልፍ ሁሉ ቱሪስት ነው፤ በገዛ አገሩም ቢሆን። እንዲያውም የአገሬው ሰው ጥፋት ይከፋል፤ ፈረንጁ ቋንቋው ባይገባው ነው ይባልለታል፣ እኛ ምን ይባልልናል? ካንት ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ አትጠቀምበት ሲል በክፍል ውስጥ ተምረናል፤ በፈተናም መልሰናል። እማሆይ ግን ሐሳቡን በአንድ ሰላምታ ጨረሱት።

«ታዲያ ማንም አይሂድ ነው የምትሉት?» የሚለን ይኖራል። አይደለም። ጫማ ጠባቂውም፣ አስጎብኚውም፣ መስቀል ሻጩም የሚያድሩት በእንግዳ ነው፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት እንግዳ ሲጠፋ የተጎዱት እነሱው ናቸው። ይሁን እንጂ «ከፍለን ገብተናል» ማለት ምን ማለት ነው? ትኬቱ የበሩ ዋጋ ነው፤ የሰው ፊት ዋጋ ግን አይደለም። የሚያይ ሰው ዕዳ አለበት፤ ዕዳውም ቢያንስ ቆም ብሎ «እንደምን አደሩ» ማለት ነው።

ፎቶግራፉ አሁንም እጃችን ላይ አለ። ለማንም አላሳየነውም። ጥርሳችን ያበራል፤ ከኋላችን አንድ የነጠላ ጫፍ ይታያል። ፊታቸው ግን የለበትም። ሰላም ያላልነው ሰው ፊት እንዴት ይገኝበት?