ራይት ስለሚባለው ቃል

ከእንግሊዝኛ ቃላት መካከል «ራይት» የሚባለው ትርጉሙ ብዙ ነው። ቀኝ እጅ ራይት ነው፤ የተማሪው ልክ የሆነ መልስ ራይት ነው፤ 90 ዲግሪ ያለው ማዕዘንም እንዲሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ያወጡት የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በእንግሊዝኛ ስሙ ላይ ያለው ይኸው ቃል ነው። ጥንተ ነገሩ «ቀጥ ያለ» ማለት ነበረ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ወጣ።

ቀኝ እጅና ማዕዘን ማንንም አያሳስቱም። የሚያሳስተው መብትና እውነተኛነት በአንድ ስም መጠራታቸው ነው። እንግሊዛዊ «ራይት አለኝ» ሲል መብት አለኝ ማለቱ ነው፤ «ራይት ነኝ» ሲል ግን ያደረግሁት ልክ ነው ማለቱ ነው። ከፊተኛው ወደ ኋለኛው ለመሻገር፣ በተለይ ለተቈጣ ሰው፣ አንድ እርምጃ ይበቃል።

እኛ መብትንና ልክን በሁለት ቃል ስለምንጠራ ከዚህ ስሕተት የዳንን ይመስለን ይሆናል። እኔም ይመስለኝ ነበር። አባታችን ቤታቸውን በኑዛዜ ለእኔ ብቻ ትተውልኝ ስለ ነበር፣ ታናሽ ወንድሜን ከነልጆቹ በፍርድ ቤት አስወጣሁት። ይህንንም ያደረግሁት በክረምት ነው። የውሳኔውን ወረቀት ይዤ ወደ ታላቅ እህቴ ሄድሁና «እትዬ፣ መብቴ እኮ ነው» አልኋት። እርስዋም ቡና እየለቀመች፣ ቀና ሳትል፣ «መብትህስ መብትህ ነው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ስለ ቤቱ አላነሣችብኝም። እኔ ግን ያቺን «ስ» በእንግሊዝኛ የምመልስበት ቃል እስከ ዛሬ አላገኘሁም።