የጸራቢው ስም

ዛሬ አዳማ በሚለው በቀድሞ ስሟ የምትጠራው ከተማ ለብዙ ዘመን ናዝሬት ስትባል የኖረችው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በገሊላዋ ናዝሬት ስም ስለሰየሟት ነው። የገሊላዋ ከተማ ሰዎች ክርስቶስ በምኩራብ ሲያስተምር ሰምተው ጥበቡን ቢያደንቁም፣ የጸራቢነትን ሙያ አንሥተው ተሰናከሉበት፤ ማቴዎስ የጸራቢ ልጅ እንዳሉት ሲጽፍ፣ ማርቆስ ጸራቢ እንዳሉት ይጽፋል። ስለዚህ የዚህን ሙያ ስም ትርጉምና ምንጭ የሚመረምር ሰው፣ የእጅ ሥራ በእግዚአብሔር ፊት ምን ዋጋ አለው ወደሚለው የሃይማኖት ጥያቄ ይደርሳል።

ጸራቢ የሚለው ስም ጸረበ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን፣ እንጨት የሚጠርብ ማለት ነው፤ የግእዙ ጸ በአማርኛ ብዙ ጊዜ ጠ ስለሚሆን፣ ጠረበ፣ መጥረቢያና ጠርብ የዚሁ ግሥ ዘሮች ናቸው። ከአዳማ እስከ ሞጆና መቂ የዘወትር መጠሪያ የሆነው አናጢም በዚሁ መንገድ ሐነጸ፣ ማለትም ገነባ፣ ከሚለው ግሥ በመምጣቱ ከሕንፃ ጋር አንድ ሥር አለው፤ ምእመን በቃለ እግዚአብሔር ታነጸ ሲባልም ግሡ ያው ነው። በወንጌሉ የግሪክ ጽሑፍ የሚገኘው ቴክቶን እንጨት ሠሪውንም ቤት ሠሪውንም ሊያመለክት ስለሚችል፣ ሁለቱ የኢትዮጵያ ስሞች አንድ ላይ ትርጉሙን በምልዓት ይገልጡታል።

በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ፣ ክርስቶስ የእርሻ ዕቃና ቀንበር ይሠራ እንደነበር ጽፏል። የጤፍ ማሳውን በበሬ የሚያርስ የስምጥ ሸለቆ ገበሬ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም፤ በወጉ ያልተጠረበ ቀንበር የበሬውን ጫንቃ ስለሚልጥ፣ ጸራቢው ጠርቦና ልጎ፣ ሻካራውን በእጁ እየዳሰሰ ያለዝበዋል። ቀንበሩ ልዝብ መሆኑን ያስተማረው ጌታም የተናገረው እጁ ስለሚያውቀው ሥራ ነው።

ይህም ሆኖ በኢትዮጵያ ባለ እጅ ሲናቅ ኖሯል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ መከልከላቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበር ያስረዳል። በቤተ ክርስቲያን ጸራቢውን አረጋዊ ዮሴፍን እያከበሩ በገበያ አናጢውን ማቃለል የናዝሬትን ሰዎች ስሕተት መድገም ነው። አምላክ ሰው ሆኖ የተጠራበትን የሙያ ስም በእምነት የሚቀበል ሁሉ፣ ባለ ሙያውንም በዚያው መጠን ሊያከብር ይገባዋል።