የተሻለ የሚባለው ለምን ነው? የሞተር ካምሻፍትና የዓላማ ጥያቄ በገዳሪፍ ምድር

አንድን ነገር ማሻሻል ምን ማለት ነው የሚለው ጥያቄ የፍልስፍና ጥያቄ ቢሆንም፣ መልሱን ከረቂቅ ሐሳብ ይልቅ እጅ ከሚዳስሰው ብረት መፈለግ አንዳንዴ የበለጠ ያስተምራል። የመኪናን ካምሻፍት በቤት ውስጥ አውጥቶ፣ ኃይል ይጨምራል በተባለ ሌላ ካምሻፍት ለመተካት የሚደረገው ዝግጅት ለዚህ ምርመራ የተመቸ ነው፤ ሥራው ገና አንድ ብሎን ሳይፈታ "ለምን?" የሚል ጥያቄ ያስነሳልና። እንደ ገዳሪፍና እንደ ምሥራቅ ሱዳን የድንበር አካባቢ ትራክተርና ጭነት መኪና የኑሮ መሠረት በሆኑበት ምድር ደግሞ ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ካምሻፍት በሞተር ውስጥ የሚዞር፣ የእንቁላል ቅርጽ ያላቸው ጉብታዎች የተደረደሩበት ዘንግ ነው። ጉብታዎቹ አየርና ነዳጅ የሚገባባቸውንና ጭስ የሚወጣባቸውን ቫልቮች በየተራ እየገፉ ይከፍታሉ፣ ሞላዎች ደግሞ መልሰው ይዘጓቸዋል፤ በአራት ምት በሚሠራ ሞተር ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራል። ለውድድር የሚሠራው ካምሻፍት ቫልቮቹን ከፍ አድርጎ ይከፍታል፣ ረዘም ላለ ጊዜም ክፍት ያቆያቸዋል። ሞተሩ በኃይል ሲሽከረከር ይህ ብዙ አየር እንዲገባ ስለሚያደርግ ጉልበት ይጨምራል፤ በዝግታ ሲዞር ግን ማስገቢያውና ማስወጫው ቫልቭ አብረው ክፍት የሚቆዩበት ጊዜ ስለሚረዝም፣ የተቃጠለው ጭስ ከአዲሱ አየር ጋር ይደባለቃል፣ መኪናው ቆሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፣ ከታች የነበረውም የመጎተት አቅም ይቀንሳል። በላይኛው ዙር የተገኘው ትርፍ፣ ሻጩ ባይናገረውም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከታችኛው ዙር የተወሰደ ነው።

የገዳሪፍ መሬት የሚጠይቀው ግን ይኸው የታችኛው ዙር ጉልበት ነው። ከመተማና ከቋራ ቆላ እስከ ገዳሪፍ ሜዳ የተዘረጋው ጥቁር ዋልካ በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ ሱዳኖች ኸሪፍ በሚሉት የዝናብ ወቅት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት፣ ጎማ ይዞ የማይለቅ ጭቃ ይሆናል። ከእንዲህ ያለ ጭቃ የሚያወጣው በዝግታ፣ ሳይቋረጥ መጎተት እንጂ የሞተር ጩኸት አይደለም፤ ጎማ በፍጥነት በተሽከረከረ ቁጥር ይበልጥ ይቀበራል። ማሽላና ሰሊጥ በሚዘራበት በዚህ ሜዳ የሚያርሰው የናፍጣ ትራክተር ጉዳይ ከዚህም ይብሳል፤ ሞተሩ ከተወሰነ ዙር እንዳያልፍ የሚገታ ተቆጣጣሪ ስላለው፣ ለከፍተኛ ዙር የተሠራ ካምሻፍት ቢገባለት ትርፉን የሚያገኝበት ዙር ላይ ከቶ አይደርስም። በአንድ ቦታ ማሻሻል የተባለው በሌላው ማበላሸት ሊሆን የሚችለው ብረቱ ሳይለወጥ ነው፤ የተለወጠው መልካምነቱ የሚለካበት ዓላማ ነው።

አርስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል፣ ሰው የሚያውጠነጥነው ስለ መንገዱ እንጂ ስለ ፍጻሜው አይደለም ይላል፤ ሐኪም ላድን ወይስ አላድን ብሎ አይማከርም፣ የሚማከረው እንዴት እንደሚያድን ነው። ሐሳቡ ለሐኪሙ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ቤቱ ውስጥ ሞተር ለፈታ ሰው ግን አይበቃም። ይህ ሰው ሲጀምር ፍጻሜውን ያወቀ ይመስለዋል፦ ተጨማሪ ኃይል። ዝግጅቱ ደረጃ በደረጃ ሲቀጥል ግን ፍጻሜው ራሱ ለምርመራ ይቀርባል።

ለምሳሌ በቶዮታ ሂሉክስ ላይ ይገጠም የነበረውን 22አር የተባለውን ባለ 2.4 ሊትር ቤንዚን ሞተር ማየት ይበቃል። ካምሻፍቱን ለማውጣት በላዩ ያለው የሮከሮቹ፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚገፉት ክንዶች፣ ማቀፊያ መነሳት አለበት፤ ማቀፊያውን የያዙት ብሎኖች ደግሞ ራሳቸው ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን ራስ፣ ከብሎኩ ጋር ያሠሩት ናቸው። ስለዚህ ዘንግ ብቻ ሊለውጥ የተነሣው ሰው ሳያስበው የቴስታታውን ጓርኒሲዮን መለወጥም ይጠበቅበታል። ቀጥሎ የመጀመሪያው ፒስቶን በመጭመቂያው ምት ጫፍ ላይ እንዲቆም ይደረጋል፣ ካምሻፍቱን የሚያዞረው ካቴናና ጥርሱ ምልክት ይደረግባቸዋል፣ ካቴናው ወደ ውስጥ እንዳይወድቅም ይታሰራል። ከዚያ በፒስቶኑ አናት ላይ ለስላሳ ጭቃ ተለጥፎ፣ ቴስታታው ከአዲሱ ካምሻፍት ጋር ተመልሶ ከታሠረ በኋላ ሞተሩ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ቴስታታው እንደገና ተነሥቶ ቫልቩ በጭቃው ላይ የተወው ጎድጓዳ በስለት ተቆርጦ ይለካል። ለማስገቢያው ቫልቭ 2 ሚሊሜትር፣ ለማስወጫው 2.5 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ካልተረፈ፣ ሞተሩ በሚሽከረከርበት ጊዜ ቫልቩ ከፒስቶኑ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ክፍተቱ ከጠበበ ወይ ፒስቶኑ ይፋቃል፣ ወይ ካምሻፍቱ ይቀየራል፤ ሞላውም ለአዲሱ ከፍታ የማይበቃ ከሆነ አብሮ ይለወጣል። በእያንዳንዱ ደረጃ ዋጋው ይጨምራል፣ በእያንዳንዱም "ይህ ሁሉ ለምን?" የሚለው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። ዓላማን የሚመረምረው ከሥራው ርቆ የተቀመጠ ፈላስፋ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ላይ ይፈርሳል፤ መንገዱን በጥንቃቄ የለካ ሰው ፍጻሜውን ሳይለካ ማለፍ አይችልም።

የአካባቢው ሁለቱ ሃይማኖቶች ስለ ልክ ብዙ ይናገራሉ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቀኖና የተቆጠረው መጽሐፈ ጥበብ ፈጣሪ ሁሉን በልክ፣ በቁጥርና በሚዛን እንዳዘጋጀ ያስተምራል፤ በቁርኣን 55ኛው ሱራ፣ አር-ራሕማን፣ ሚዛን የተቀመጠው ሰዎች እንዳያዛቡት መሆኑ ተነግሯል። ከዚህ ተነሥቶ ሠሪው የወሰነውን መንካት ድፍረት ነው ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው፤ ፋብሪካ ፈጣሪ አይደለም። ፋብሪካው የመረጠው ቅርጽ ለብርድ አገርም ለበረሃም፣ ለአስፋልትም ለጭቃም እንዲሆን የታሰበ ማቻቻያ ነውና፣ መሬቱን የሚያውቅ ሰው ከዚያ የተሻለ ሊያገኝ ይችላል። የሚዛን ትምህርት የሚከለክለው መለወጥን ሳይሆን ሳይለኩ መለወጥን ነው።

ገዳሪፍ ራሱ የዚህ ምስክር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1944 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ የቅኝ ገዥው መንግሥት ለጦር ሠራዊት እህል ለማቅረብ በአካባቢው ባለችው በገዳምባሊያ የትራክተር እርሻ ጀመረ፤ በ1968 እ.ኤ.አ. ደግሞ እርሻውን የሚያስፋፋ የመንግሥት ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። ምርት በዛ፣ ገዳሪፍም የማሽላና የሰሊጥ ገበያ ማዕከል ሆነች፣ በየዓመቱ ሳሉግ የሚባሉ የጉልበት ሠራተኞች ከኢትዮጵያ ደጋ ለአረምና ለአጨዳ ወደ ቆላው ይወርዱ ጀመር። በሌላ በኩል ሙጫ የሚሰጠው ግራር ተመነጠረ፣ የእንስሳት መንገድ ጠበበ፣ ማሽላ በማሽላ ላይ የተዘራበት መሬት ደከመ። ለአንድ ጊዜ ፍጆታ የተለካው ማሻሻያ ለትውልድ ሲለካ ሌላ ሆኖ ተገኘ። መኪናም ቢሆን ዓላማው በባለቤቱ ፈቃድ ብቻ አይወሰንም፤ በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ፣ ትናንት ለሌላ ጉዳይ ይነዳ የነበረ ብዙ መኪና ቤተሰብ ጭኖ በገዳሪፍ በኩል ወደ ገላባትና መተማ መድረስ ነበረበት፤ በዚያን ጊዜ ከመኪና የሚፈለገው ሳይጠፋ መነሣት፣ ነዳጅ መቆጠብና ጭነት መጎተት ነበር።

በአስፋልት ብቻ ለሚሄድና ለደስታ ለሚነዳ መኪና የውድድር ካምሻፍት ማስገባት ነውር የለበትም፤ ባለቤቱ ክፍተቱን ከለካ፣ ሞላውን ካስተካከለና የሚያጣውን አውቆ ከተቀበለ ምርጫው የራሱ ነው። በኸሪፍ ዋልካ ውስጥ ሰሊጥ፣ ሕሙማንና ሠራተኛ ለሚያመላልስ ሂሉክስ ግን ፋብሪካው የሰጠው ካምሻፍት ባለበት ይቆይ፤ ለለውጡ የተመደበው ገንዘብ ያረጀውን ካቴናና የካቴናውን መምሪያ ለመተካት ቢውል ይሻላል።