እንጀራ የማያበላ ሥራ ከንቱ ነውን?

እንጀራ የማያበላ ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን ፍርድ ከመስጠታችን በፊት አንድ ምሳሌ እንመርምር።

ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1891 ባወጣው ጥቅል ሽቦ አማካይነት መብራትን ያለ መስመር ለማብራት አስቦ ነበር። ዛሬ ይህን መሣሪያ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ቴስላ ኃይሉን በብልጭታ እያቋረጠ ይልክ ነበር፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ግን በቀድሞ ራዲዮኖች ውስጥ የነበረውን ዓይነት፥ አየሩ የወጣለትን የመስታወት ቱቦ ይመርጣሉ። ቱቦው ኃይሉን በሰከንድ ብዙ መቶ ሺህ ጊዜ ያወዛውዘዋል፤ የሁለቱ ጥቅሎች ቅኝት እንደ ክራር አውታር ሲስማማም፥ ከጫፉ ላይ ሰይፍ የመሰለ ብርሃን ይወጣል። ይህ ብርሃን ወፍጮ አያዞርም፤ ገበያም አይወጣም።

ታዲያ ምን ይጠቅማል? ሠሪው ስሌቱን ቢያዛባ ብርሃኑ አይወጣም፤ ምክንያት መደርደርም ሆነ ማዕረግ መጥራት አያወጣውም። በሰው ፊት ስሕተቱን መሸፈን የለመደ ሁሉ የማይሸነገል ዳኛ እዚህ ያገኛል። ከዚህም በላይ፥ በመሣሪያው ውስጥ ያለው ብዙ ሺህ ቮልት ይገድላል፤ ማብሪያው ከጠፋ በኋላም በኮንደንሰሩ ውስጥ የቀረው ኃይል ያደባል። ስለዚህ ሠሪው ለራሱ ብቻ ሳይሆን፥ በአጠገቡ ለቆመው ሕፃንና ራዲዮው ለሚታወክበት ጎረቤትም ኃላፊ ነው።

እንግዲህ ሥራን በሚያስገኘው ገንዘብ ብቻ ብንመዝን ሚዛናችን ጎደሎ ይሆናል። ሠሪውን እውነተኛና ጠንቃቃ የሚያደርግ ሥራ ጥቅም አለው፤ ለመታየት ብቻ ሲባል ባልንጀራን ለአደጋ የሚያጋልጥ ግን፥ ብርሃኑ የቱንም ያህል ቢረዝም፥ ከንቱ ብቻ ሳይሆን በደል ነው።